ስለቴ ሰመረ፦ ከፖል እስከ ፖል

ለቅዱስ ገብርኤል «በአደባባይ እመሰክራለሁ» ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ዘግይቻለሁ፤ ዛሬ ልናገር።

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ግራ ጡቴ ውስጥ እብጠት ተገኘ። ካንሰር ነው ተባልኩ። የካቲት ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ጡቴም፣ ብብቴ ሥር ያሉት እጢዎችም ወጡ። ከዚያ ኬሞ፣ በየ21 ቀኑ፣ 8 ዙር። ያለፈበት ሰው ቀዩን መድኃኒት ያውቀዋል። የቀይ ሥር ጭማቂ ነው የሚመስለው፤ ሽንት ሳይቀር ያቀላል። ከአምስተኛው ዙር በኋላ ደግሞ እግሬ ደነዘዘ። መሬት ስረግጥ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ደረሰ። ሐዋሳ በዚያ ቀን ምን እንደምትሆን ያያት ያውቃታል፤ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ፣ ነጭ በነጭ። እኔ ገና አንድ ዙር ይቀረኛል፣ አልጋ ላይ ነኝ። አለቀስኩ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ለታኅሣሡ ንግሥህ በእግሬ መጥቼ ጥላ አስገባልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

በዚያው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «አክስትዬ፣ ይቺን ሴትዮ እያት» አለኝ። ዲዲ ጆንሮ የምትባል አሜሪካዊት ናት። አላስካ ውስጥ ኢዲታሮድ የሚባል ውድድር አለ። ውሾች የበረዶ ጋሪ እየጎተቱ እስከ ኖም ከተማ ድረስ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። እሷም እንደ እኔ የጡት ካንሰር ነበረባት። ኬሞዋን በጨረሰች በሦስት ሳምንቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ያንን ውድድር ጀመረች። ጨረሰችም። ሦስት ሳምንት! እኔ በሦስት ሳምንት ቢበዛ የሚቀጥለው ዙር ነበር የሚደርሰኝ።

ልቤን የነካው ግን ውሾቹ ናቸው። እግራቸው በበረዶ እንዳይቆስል የጨርቅ ጫማ ያጠልቁላቸዋል። መንገዱም በጣቢያ በጣቢያ የተከፈለ ነው። እዚያ ሲደርሱ የእንስሳት ሐኪም ያያቸዋል፣ ይበላሉ፣ ጭድ ላይ ይተኛሉ።

ጸሎቴ የዚያን ቀን ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ «ጌታ ሆይ፣ ፈውሰኝ» ብቻ ነበር የምለው። ከእኛ በር እስከ አስፋልቱ ሰባት የመብራት ፖል አለ። «ዛሬ እስከ መጀመሪያው ፖል አድርሰኝ» አልኩ። ሦስት ካልሲ ደራርቤ ወጣሁ። ደረስኩ። ፖሉን አቅፌ ቆምኩ፤ እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ቀዝቅዞ ነበር። እዚያው አመስግኜ ተመለስኩ። የመጨረሻው ዙር መልሶ አልጋ ላይ ጣለኝ። ሲሻለኝ እንደገና ከአንደኛው ፖል ጀመርኩ። ለመስቀል አስፋልቱን ረገጥኩ።

«ኬሞውን ተይው፣ ጸበሉ ይበቃሻል» ያሉኝ ነበሩ። ለእኔ ማሰባቸው ነው፤ ግን አልሰማኋቸውም። ጸበሌን እየጠጣሁ አንድ ቀጠሮ አላሳለፍኩም። ሐኪሞቹንም የላካቸው እግዚአብሔር ነው። እባካችሁ፣ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሕክምናውን እንዲያቋርጥ አትምከሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግራ እጄ ከትከሻዬ በላይ አልነሣ ብሎ ነበር። አንዲት ነርስ ጣቶቼን ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት ማስወጣት አስተማረችኝ። በየቀኑ የደረስኩበትን በእርሳስ አሰምር ነበር። መስመሩ አሁንም መኝታ ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ነጋ። እህቴ «ባጃጅ እንያዝ» አለች። «በእግሬ ነው የተሳልኩት» አልኳት። ከታቦር ተራራ ሥር ተነሥተን፣ እያረፍን፣ እየተጋፋን፣ ገብርኤል ደረስን። እህቴ ጥላውን ልትዘረጋልኝ እጇን ሰደደች። እንቢ አልኩ። በግራ እጄ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት። ወርቃማው ዘርፍ ፊቴ ላይ ወረደ። እህቴ እልል አለች፤ አጠገባችን የቆሙ የማናውቃቸው እናቶችም ተቀበሏት።