ለደች ትምህርት ከመመዝገባችሁ በፊት

ሆላንድ አዲስ የገቡ ልጆች ብዙ ጊዜ «የትኛው የደች ትምህርት ቤት ይሻላል?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ ቋንቋውን ለምን ፈለጋችሁት? ኢንቡርገሪንግ፣ ማለትም ለብዙ አዲስ ገቢዎች ግዴታ የሆነውን የቋንቋና የአገር ማወቅ ፈተና፣ ጨርሶ ሥራ መግባት የሚፈልግና ዩኒቨርሲቲ ያሰበ ሰው የሚፈልጉት ኮርስ አንድ አይደለም።

ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የኢንቡርገሪንግ ሕግ የብዙው ሰው ግብ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ነው። በደች ቋንቋ ከፍተኛ ትምህርት ለመማር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ስታትስኤክሳመን የሚባለው የመንግሥት የደች ፈተና፣ ፕሮግራም ሁለት ነው፤ ደረጃው ከቢ1 ቀጥሎ ያለው ቢ2 ነው። ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር ለየብቻ ይፈተናሉ። ስለዚህ «እስከ ቢ2 ታስተምራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቢ1 ላይ የሚያቆም ከሆነ መሀል መንገድ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ትወጣላችሁ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥገኝነት ላገኘ ሰው ኮርሱን የሚያዘጋጅለት ኸሜንተው፣ ማለትም የሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት ነው። በቤተሰብ የመጣ ከኪሱ ይከፍላል፤ ካልቻለ ገቢው ታይቶ ዱዎ ከሚባለው የመንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት እስከ 10,000 ዩሮ ሊበደር ይችላል። በብድሩ መማር የሚቻለው ግን የብሊክ ኦፕ ቬርክ የጥራት ምልክት ባለው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ሳትፈርሙ ምልክቱን አረጋግጡ።

ለእኔ ዋናው ነገር ክፍሉ ነው። የሙከራ ትምህርት፣ እነሱ ፕሩፍሌስ የሚሉትን፣ ጠይቁና ገብታችሁ እዩ። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ክፍል አስተማሪው ጎበዝ ነበር። ሰሌዳውን በሚያምር ጽሑፍ ሞላው፤ ሁላችንም ገለበጥን። እስከ እረፍት ድረስ ከ«ያ» (አዎ) በቀር ከተማሪ አፍ የወጣ ቃል የለም። አገር ቤት ለተማርን ሰዎች እንዲህ ያለው ክፍል ደስ ይላል፤ ደብተሩ ይሞላል። አፋችን ግን አይፈታም።

ሌላው ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ከአንድ ሶሪያዊ ጋር አጣመረችኝና ወንበራችንን ጀርባ ለጀርባ አዞረችው። ስልክ ላይ እንዳለን ማለት ነው፤ ፊት አይታይም፣ እጅ አይረዳም። እኔ የሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ፣ እሱ ቀጠሮ ፈላጊ። ወረቀቴ ላይ ያለውን «ሃልፍ ድሪ» አነበብኩለት። በፈረንጅ ሰዓት 2:30 ማለት ነው፤ እሱ 3:30 ብሎ ጻፈ። አስተማሪዋ ወዲያው አላረመችውም። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠችና ክፍሉ ራሱ እንዲያገኘው ጠበቀች። ከዚያ ሁሉም ሰው እየተነሳ ሰዓት ተናገረ። የተመዘገብኩት እዚያ ነው።

ቤት ውስጥ ጸጥ ያለ ሰዓት ያለው ሰው የዴልፍት ዘዴንም ይሞክር። ዴልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተወለደ ዘዴ ነው፤ ጽሑፉን ቤት ደጋግማችሁ ታዳምጣላችሁ፣ ክፍል ስትገቡ በደች ታወራላችሁ። ትናንሽ ልጆች ላሉት ወይም በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ግን ይከብዳል፤ ሳይዘጋጁ ከገቡ ትርፉ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

የመመደቢያ ፈተናው ላይም ንቁ። እኛ ወረቀት ላይ ደህና ነን፤ ማንበብና ሰዋስው ቶሎ ይገባናል። ፈተናው በወረቀት ብቻ ካለቀ ንግግራችን የማይችለው ክፍል ሊመድቡን ይችላሉ። «ስናገርም ስሙኝ» በሉ። አናባቢ የሚያርም አስተማሪ መኖሩንም ጠይቁ። በአማርኛ አናባቢ ረዘመ አጠረ ትርጉም አይቀይርም፤ በደች ግን «ማን» ሰውዬ ነው፣ «ማ» ሲረዝም ጨረቃ ይሆናል። ካላረሟችሁ ስህተቱ ዓመታት አብሯችሁ ይኖራል።

ቦታ እስኪገኝ ደግሞ ቤት አትቀመጡ። አካባቢያችሁ ያለው ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ታልካፌ፣ ማለትም የቋንቋ መለማመጃ ካፌ፣ መኖሩን ጠይቁ። በብዙ ከተማ አለ፤ በጎ ፈቃደኞች ቡና ይዘው ተቀምጠው ያወሯችኋል። ደቻችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም ሂዱ።