የዓመት ፈቃድ ብዬ የጻፍኩት

ከሕክምና ቦርዱ የመጣው ወረቀት አጭር ነበር። ባልደረባችን የተቀጠረበትን ሥራ ከመሥራት የሚያግደው የጤና ጉድለት አልተገኘበትም ይላል። ቆሜ አነበብኩት። ተቀምጬ ደገምኩት። ከዚያ የግል ማኅደሩን ከመደርደሪያ አወረድኩና ቅጠል በቅጠል ማገላበጥ ያዝኩ። ሆዴ ባር ባር አለ። ቦርዱ አልተሳሳተም። በዚያ ማኅደር ውስጥ የታመመ ሰው የለም። እንዳይኖር ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የምሠራው ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ነው። ቅጥር፣ ፈቃድ፣ ስንብት፣ የሠራተኛ ጉዳይ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። እሱ በ2004 ዓ.ም. በእንግዳ ተቀባይነት ተቀጠረ። እንግሊዝኛው የጠራ፣ እጅ ጽሑፉ የቁም ጸሐፊ የሚመስል ልጅ ነበር። በኋላ የሌሊት ተረኞች ኃላፊ ሆነ። «እትዬ» ይለኛል። በዕድሜ ብዙ አልበልጠውም፤ ግን አንድም ቀን «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም።

ጎንደር ላይ ሆቴል የሠራ ሰው ጥርን ያውቃታል። የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣው ውሃ መሞላት ሲጀምር ከተማው በሙሉ ሽር ጉድ ይላል። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ይወርዳሉ። ሌሊቱን ማኅሌቱ፣ ከበሮው፣ ጭፈራው ነው፤ የሚተኛ የለም። እኛ ሁለት ሌሊት ብናጣ በሦስተኛው ቀን ተኝተን እናካክሰዋለን። ባይፖላር ላለበት፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ የሚያንር አንዴ ደግሞ የሚጥል የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንቅልፍ ማጣት የሕመሙ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ክብሪቱም እሱ ነው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ2011 ጥምቀት የሆነውን የሌሊት ተረኛ መዝገቡ ከእኔ በተሻለ ይናገራል። አሁን ከፊቴ ዘርግቼዋለሁ። እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ፊደሎቹ እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። ታኅሣሥ ሲያልቅ ይገዝፋሉ። ጥር 5 መስመር ለቀዋል። ጥር 8 ህዳጉ ላይ ወጥተው ሽቅብ ይሄዳሉ፤ ገጹ ሲያልቅባቸው ተገልብጠው ይወርዳሉ። አንድ ቦታ ላይ የአምስተኛ ፎቅ ንድፍ አለ። ሆቴላችን ሦስት ፎቅ ነው። ከሥሩ «አስቸኳይ» የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል።

በእነዚያ ቀናት እኛ ያየነው ግን ታታሪ ሠራተኛ ነው። አይደክመውም። ይስቃል፣ ያስቃል፣ የሌላውን ተራ ይሸፍናል። ሥራ አስኪያጃችን «እንደሱ ዓይነት አምስት ቢኖረኝ» ይል ነበር። ከዚያ አንድም ባዶ አልጋ በሌለበት ለአንድ አስጎብኚ 40 ክፍል ቃል ገባ። የወር ደመወዙን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አከፋፍሎ ባዶ እጁን መጣ። ጥር 12 ጠዋት እንግዳ በተሰበሰበበት ሥራ አስኪያጁን እየጮኸ ሰደበው። «ጠጥቷል» አልን። አምስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ እንዳልዞረ የነገረችን አብራው ተረኛ የነበረች ልጅ ናት። ወንድሞቹ መጥተው ወሰዱት። መጀመሪያ ጠበል፣ በሳምንቱ ሆስፒታል። እዚያ ባይፖላር ተባለ፤ ሊትየም የሚባል ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ተጀመረለት።

ሥራ አስኪያጁ ሊያሰናብተው ነበር። እናቱ ቢሮዬ መጡ። መነኩሴ ናቸው። ቆባቸውን እያስተካከሉ «ልጄ፣ ስሙን አታጥፊብኝ። እብድ ብለሽ እንዳትጽፊብኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። «አይዞዎት እማሆይ» አልኳቸው። ሥራ አስኪያጁን ለመንኩና የቀረበትን 21 ቀን «የዓመት ፈቃድ» ብዬ ሞላሁት።

ክረምት ላይ የሕመሙ ሌላ ፊት መጣ። ከአልጋ መነሣት ተራራ ሆነበት። መዝገቡ ላይ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን አነሱ። ለ19 ሌሊት የተጻፈው «አዲስ ነገር የለም» ብቻ ነው። ከዚያ እሱም ቀረ። ያንን «የቤተሰብ ጉዳይ» አልኩት። ሐኪም የሰጠውን የሕመም ፈቃድ ይዞ ሲመጣ አልተቀበልኩትም። «ቤትህ አስቀምጠው፤ ማኅደር ብዙ ዓይን ያየዋል» አልኩት። እየጠበቅሁት መስሎኝ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። «ሌት ተቀን ሳይል» በታኅሣሥና በጥር ላሳየው ትጋት። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ ገባ።

እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። በኮሮና ጊዜ እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሲቀዘቅዝ እሱ ደህና ሆነ፤ ሌሊት ይተኛ ነበርና። ሥራው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። እኔም እንደ ልማዴ ሞላሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደመወዝ። በቃሌ አውቀዋለሁ። እግሩ ለተሰበረ አትክልተኛ ሠርቼበታለሁ። ታይፎይድ ለያዛት ምግብ አብሳይ ሠርቼበታለሁ። ለእሱ አልሠራሁበትም። የዓመት ፈቃዱ ሲያልቅ «ፈቃድ ያለ ክፍያ» ብዬ ስሞላ፣ በሕጉ ሙሉ ደመወዝ የሚያገኝበትን ወር ባዶ አስቀረሁበት። ዕረፍት የሚባል ነገርም አላገኘም፤ ፈቃዱ ሁሉ ሕመም ላይ አለቀ። ከሐሜት ላድነው ብዬ ከመብቱ አጎደልኩት። ሐሜቱም ቢሆን አልቀረለት። ኩሽና ውስጥ «ነካ ያደርገዋል» ሲባል እሰማ ነበር። ሕመሙን ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቀው ወረቀቱ ብቻ ነው።

የሰው ሕመም ኮሪደር ላይ አይወራም። በዚህ አሁንም አልደራደርም። ማኅደር ግን ኮሪደር አይደለም። ማኅደሩ የሱ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚመሰክርለት እሱ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌያቸው ነበር።

በ2015 ነሐሴ ላይ መልቀቂያ ይዞ መጣ። ሁለት መስመር ብቻ። ዓይኑን ከወለሉ አላነሣም። ወረቀቱን ተቀብዬ ሳልመዘግበው መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። በዚህ ሁሉ መሐል በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር ይኼ ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው በጤና ምክንያት ተሰናበተ አይባልም። «መጀመሪያ ሐኪምህ ዘንድ ሂድ፤ መልቀቂያው የትም አይሄድም» አልኩት።

ሲረጋጋ ስለ ጤና ጉድለት ጡረታ ነገርኩት። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለሥራው የሚያስፈልገውን ጤንነት ባለማሟላቱ ከተሰናበተ፣ ዕድሜው ለጡረታ ባይደርስም ዕድሜ ልኩን አበል ያገኛል። መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ለተገለገለ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አብረን አሰላነው። 12 ዓመት ሲሞላው 32.5 በመቶ። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር፤ አበሉ 2,600 ብር።

ቁጥሩን ዝም ብሎ አየው። «እትዬ፣ ይኼ ልመና አይሆንብኝም?» አለኝ።

የደመወዝ መክፈያውን አወጣሁለት። በየወሩ ከእሱ 7 በመቶ ተቆርጧል፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ጨምሮበታል። «ላብህ ነው» አልኩት። ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እያስኬደ ብዙ ቆየ።

ቦርድ የቀረበው በ2016 ኅዳር፣ ደህና በሆነበት ሳምንት ነው። ተላጭቶ፣ ከረባት አስሮ፣ ቀና ብሎ ገባ። የሆቴል ሰው ነዋ። ለተጠየቀው ሁሉ በሥርዓት መለሰ። ሐኪሞቹ ፊት የተቀመጠው ይህ ሰው ነው። ከእሱ ጋር የቀረበው ደግሞ እኔ ያደራጀሁት ማኅደር። አንድም የሕመም ቀን የሌለበት። ምስጉን ሠራተኛ የሚል ማኅተም ያረፈበት። ምን ይበሉ?

ውጤቱን ስነግረው አልተቆጣም። «ስስቅ ያየኝ ምን ሆነ ይላል። ተኝቼ ያየኝ ሰነፍ ይላል። ደህና ስሆን ደግሞ ራሴም ያልታመምኩ ይመስለኛል። የማይገባኝን የጠየቅሁ ያህል አፍራለሁ» አለኝ። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቦርዱ የሚያየው ግን አንድ ቀን ነው። የቀሩትን ዓመታት የሚናገር ወረቀት ያስፈልገው ነበር።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ቁስቋም አካባቢ ነው። ለእማሆይ ጥፋቴን ተናገርኩ። ያን ጊዜ የለመኑኝ እሳቸው ቢሆኑም ሕጉን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

«እና አሁን እብድ ብላችሁ ልትመዘግቡት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እማሆይ። ታሞ ነበር ብለን ነው። ስኳር እንዳለበት ሰው፣ ግፊት እንዳለበት ሰው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሡና ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የዳዊታቸውን ማኅደር አወረዱ። ቆዳው አርጅቷል፤ ማንገቻው ተበጥሶ በክር ታስሯል። ዳዊቱን አውጥተው ሳሙት፣ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። እኔ አልቀበልም ያልኳቸው የሕመም ፈቃዶች ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ 14። ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣበት ወረቀትም አለ። አንዱም አልተጨማደደም። «ከጸሎቴ አይራቁ ብዬ ነው» አሉኝ። ከእኔ ማኅደር የጠፋው ከእሳቸው ማኅደር ተገኘ።

ቢሮ ስመለስ የድሮውን መዝገብ አልፋቅሁም። ስሕተት በስሕተት አይታረምም። «በዚህና በዚህ ቀን የዓመት ፈቃድ ተብሎ የተሞላው ሕመም ነበር፤ ማስረጃው ተያይዟል» ብዬ በስሜና በፊርማዬ ጻፍኩ። ለሥራ አስኪያጁ ሳቀርብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሌሊት መዝገቡንም ዘረጋሁለት። ያንን የተቀደደ «አስቸኳይ» ብዙ አየው። «የሸለምነው እየነደደ ሳለ ነው ማለት ነው?» አለኝ። ፈረመልኝ። በሕጉ ሊከፈለው ሲገባ የቀረበትን የወር ደመወዝም እንዲከፈለው አዘዘ።

ሐኪሙ ሕመሙ የተነሣበትን ጊዜ ሁሉ በዓመተ ምሕረት ዘርዝሮ ጻፈ። እኔ ደግሞ የሥራ መዘርዝሩን ጨመርኩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቦርዱ የሚጠየቀው «ታሟል ወይ?» ብቻ አይደለም። «ይህን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ?» ጭምር ነው። ሥራው የሌሊት ተራ ነው፣ ገንዘብ መቀበል ነው፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻውን መወሰን ነው። እንቅልፉ ሲዛባ የሚታመም ሰው የሌሊት ተረኛ ሊሆን አይችልም። በመጨረሻው ዓመት ቀን ላይ አዛውረነው እንደነበርና ያም እንዳልበቃ ጻፍኩ። ግን ገና በ2011 ማዛወር ነበረብኝ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ሥራውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያዛል፤ የአእምሮ ጉዳትም በውስጡ አለ። እኔ አዋጁን የማስበው ለተሽከርካሪ ወንበርና ለዓይነ ስውር በትር ብቻ ነበር። ያኔ ቀን ላይ ቢሆን ምናልባት ዛሬም ከእኛ ጋር ይሠራ ነበር። ይህ ይቆረቁረኛል።

ሁለተኛው ቦርድ ተቀበለው። በ2016 ማብቂያ በጤና ምክንያት ተሰናበተ፤ አበሉም ጀመረ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ከተራ ማታ ዳቦ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ገና 2 ሰዓት አልሞላም። እማሆይ በሩን ሲከፍቱ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ተኝቷል» አሉኝ። ከበሮው እንዳይሰማው መስኮቱን በጋቢ ሸፍነውታል። ዕለቱ ገሃድ ነው፤ ይጾማል። ሊትየም የሚወስድ ሰው ውሃ ካጠረው ግን መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። የንስሐ አባቱ ሐኪሙ ያለውን ሰምተው ውሃ እንዲጠጣ ፈቅደውለታል። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ባዶ ብርጭቆ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የመድኃኒቱ ዕቃ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ከታች ከበሮው ይሰማል። እማሆይ በየመሐሉ ቀና እያሉ ወደ መስኮቱ ያዳምጡ ነበር።