የፓርኪንግ መስመር ስናስቀባ ገንዘባችንን የበላው ቀለሙ አልነበረም

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያለ አንድ የንግድ ህንፃ አስተዳድራለሁ። ከስር ካፌና ፋርማሲ አለ፣ ከላይ ቢሮዎች ናቸው። ግቢው 35 ሜትር ርዝመት ያለው አስፋልት ሲሆን መኪና በሁለት ረድፍ ይቆምበታል። የፓርኪንግ መስመሩን ያስቀባነው ሁለት ጊዜ ነው፣ በአራት ወር ውስጥ። በመሃል ደግሞ የመጀመሪያውን አስጠፍተናል። ይህን የምጽፈው ከእኔ በፊት ያስቀባ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ባልወጣ ነበር ብዬ ስለምቆጭ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ነሐሴ 2016 ላይ ነው። የድሮው መስመር ጠፍቷል፣ ሰው እንደፈለገ ያቆማል፣ ጠዋት ጠዋት ጥበቃውና ባለመኪናው ይጨቃጨቃሉ። የህንፃው ባለድርሻዎች ተሰብስበው «ለአዲስ ዓመት ግቢው አምሮ ይጠብቀን» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው፤ በክረምት እሺ ማለት አልነበረብኝም።

እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። አንዱ በሜትር፣ አንዱ በመኪና ቦታ፣ ሦስተኛው «በጥቅል» ዋጋ ሰጠ። የአንዱ ዋጋ 15 በመቶውን ቫት አልጨመረም። ሁለቱ ስለ ቀለሙ ዓይነት ምንም አላሉም፣ «ነጭ ቀለም» ብቻ። ስንት እጅ እንደሚቀባ የጻፈ የለም። ፋይናንስ ክፍላችን ግን ዝቅተኛውን ምረጥ አለኝ፣ አሰራሩ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን መውሰድ ለወረቀትና ለወንበር ይሠራ ይሆናል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ሦስቱ ሰዎች ዋጋ የሰጡት ለሦስት የተለያየ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የቀለም ዋጋ ከቀን ቀን ይለዋወጥ ነበር። የእኛ ፕሮፎርማ የሚጸናው ለ5 ቀን ብቻ ነበር። እኔም ዋጋው ሳይጨምር ብዬ ተጣደፍኩ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ መጀመሪያ ሜትሩን ራሴ እቆጥር ነበር። ከባድ አይደለም። አንድ መኪና በ2.5 ሜትር ስፋት ቢቆም በ35 ሜትር ላይ 14 መኪና ይይዛል። ለ14 መኪና ግን 15 መስመር ያስፈልጋል፣ ይህችን አንዷን ሰው ይረሳታል። እያንዳንዱ 5 ሜትር ከሆነ በአንድ ረድፍ 75 ሜትር፣ በሁለቱ 150 ሜትር። የመንገድ ቀለም በ10 ሳንቲም ስፋትና በደህና ውፍረት ሲቀባ አንድ ሊትር 26 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ እጅ 6 ሊትር፣ ለሁለት እጅ 12 ሊትር ማለት ነው። ሦስት ባለ 4 ሊትር ጣሳ! ያ ሁሉ ክርክር ለዚህ ነበር። መስመሩ 15 ሳንቲም ይሁን ካላችሁ ቀለሙ በግማሽ ይጨምራል፣ ሌላው ወጪ ግን ብዙም አይነቃነቅም። የእጅ ዋጋው፣ እጥበቱ፣ የግቢው መዘጋት፣ ሠራተኛውን እንደገና መጥራት፣ ገንዘቡ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀቢዎች ቅዳሜ ጳጉሜ 2 ማታ መጡ። በነጋታው ጳጉሜ 3 ነው፣ ሩፋኤል። በሩፋኤል ዝናብ እንደሚጠበቅ፣ ልጆች ጸበል ነው እያሉ ወጥተው እንደሚታጠቡበት እዚህ ሀገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን ከቀጠሮው ጋር አላያያዝኩትም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ማታ አስፋልቱ ደርቆ ይመስል ነበር። ቀቢው በእጁ ነካ ነካ አድርጎ «ደረቅ ነው ጋሼ፣ ችግር የለም» አለኝ። ውስጡ ግን ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ የጠጣ አስፋልት ነው። በመጥረጊያ ጠረጉት እንጂ አላጠቡትም። የመኪና ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ላይም ዝም ብለው ቀቡበት። ቀለሙ ደግሞ የመንገድ ቀለም አልነበረም፣ ለበርና ለመስኮት ብረት የሚሆነው ዘይት ቀለም ነው። ፕሮፎርማው «ነጭ ቀለም» ነው የሚለው፣ ስለዚህ አጭበረበሩኝ ማለት አልችልም። በቲነር አቅጥነው አንዲት ባለ 4 ሊትር ጣሳ ለ160 ሜትር አብቃቁ። ጣሳውን ያገኘሁት በማግስቱ ቆሻሻ ውስጥ ነው። አንድ ብቻ።

160 ሜትር ያልኩት ለምን መሰላችሁ? ባለድርሻዎቹ ከ28 መኪና ይልቅ 30 እንዲገባ ስለፈለጉ ነው። አንዱን ቦታ ከ2.5 ወደ 2.3 ሜትር ስናጠብ በየረድፉ አንዳንድ መኪና ተጨመረ። ወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። እኔም ፈረምኩበት።

እሁድ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ያልደረቀው ቀለም በዝናብ ነጠብጣብ ተበሳሳ። በሩ አጠገብ ደግሞ በነሐሴ መጨረሻ ጉድጓድ ያስደፈንበት አዲስ አስፋልት ነበር፣ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው። በቲነር የቀጠነ ቀለም ትኩስ ሬንጅ ሲነካ ሬንጁን ያሟሟዋል። እዚያ ላይ ነጩ መስመር በሁለት ቀን ውስጥ ሻይ የፈሰሰበት መሰለ። አዲስ አስፋልት ቢያንስ አንድ ወር መቆየት አለበት፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መስከረም አጋማሽ ላይ የመኪና ጎማ ቀለሙን እየላጠ ይዞት ይሄድ ጀመር። ያልተላጠው ደግሞ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። ፋርማሲ የመጡ አንዲት እናት መስመሩ ላይ አዳልጧቸው ጥበቃው ነው ደርሶ የያዛቸው። ያን ቀን በጣም ደነገጥኩ። በ2.3 ሜትሩም በር ከፍቶ መውረድ አቃተ፣ በአንድ ወር ውስጥ በር ከበር ተጋጭቶ ሦስት ጊዜ ሰው ተጣላ። ተከራዮቹ ተፈራርመው ደብዳቤ አስገቡ። መስመሩ እንዲጠፋና በ2.5 እንደገና እንዲቀባ ተወሰነ።

እውነተኛው ወጪ የመጣው ያኔ ነው። መስመር ማጥፋት ከመቀባት ይበልጣል። የሆነ ቦታ ላይ ይህ በትልቁ ተጽፎ መሰቀል ነበረበት።

መጀመሪያ ርካሹን መንገድ ሞከርን፤ በጥቁር ቀለም ሸፈንነው። ቀን ላይ ደህና ይመስላል። ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ግን ጥቁሩ ቀለም ከአስፋልቱ የበለጠ ያብረቀርቃል፣ ሲዘንብም እንደዚሁ። ሹፌሩ አሁን ሁለት ዓይነት መስመር ነው የሚያየው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥቁሩ ተላጠና ነጩ ተመልሶ ብቅ አለ። ለዚህ የከፈልነው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ባከነ። «በጥቁር እንሸፍነዋለን» የሚል ሰው ከመጣ አትቀበሉት።

ቀጥለን በግራይንደር አስፈቅን። አቧራው ካፌው ውስጥ ገባ፣ ባለቤቷም የአንድ ቀን ገቢ ቀረብኝ ብላ ከኪራይ ቀነሰች፣ መብቷ ነው። ሠራተኛው አጥብቆ ሲፍቅ አስፋልቱን ቦረቦረው፣ አለሳልሶ ሲፍቅ ቀለሙ አልለቅ አለ። ቀለሙ ከለቀቀም በኋላ የተፋቀው ቦታ ከሌላው ስለሚነጣ የመስመሩ ጥላ ይቀራል። አሁንም ፀሐይ ዘንበል ስትል በግልጽ ይታያል። የጥቁሩን፣ የመፋቂያውንና ለካፌው የቀነስነውን ስደምረው መጀመሪያ ለማስቀባት ከከፈልነው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ርካሹ ፕሮፎርማና ውዱ ፕሮፎርማ መካከል የነበረው ልዩነት ደግሞ የዚህን ሩብ እንኳን አይሞላም ነበር።

ከበሩ ውጭ ስለቀባነው ቀስት ባላወራ ደስ ይለኛል፣ ግን ይጠቅማችኋል። መግቢያው ፊት መኪና እንዳይቆም ብዬ ጠርዙን ቢጫ አስቀባሁ፣ መሬቱ ላይም ቀስት አስደረግሁ። ከመቀባቴ በፊት ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ «ችግር የለውም» ተባልኩ። በአፍ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከዚያው ቢሮ ሌላ ሰው መጣና «ማን ፈቀደላችሁ? አጥፉት» አለ። የፈቀደልኝን ሰው ብጠራ እሱም አላስታውስም አለ። አስጠፋሁ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ስህተት ላለመሥራት ብዬ ነው የጠየቅኩት። ማህተም ያለበት ወረቀት እጃችሁ ላይ ከሌለ ከአጥራችሁ ውጭ አንዲት ጠብታ አትቀቡ።

ሁለተኛውን ጊዜ ታኅሣሥ ላይ ሠራነው፣ በእኔ መንገድ። ፋይናንስን አሳምኜ ቀለሙን ራሴ ከመርካቶ ገዛሁ። የመንገድ ቀለም ነው፣ ጣሳው እንደታሸገ መጥቶ እኔ ፊት ተከፈተ። ከቀቢው ጋር የተዋዋልነው በእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ 150 ሜትር፣ 10 ሳንቲም ስፋት፣ ሁለት እጅ፣ የአካል ጉዳተኛ ምልክትና አራት ቀስት፣ ቅርጾቹ ከቆርቆሮ ተቆርጠው። ከክፍያው አሥር በመቶውን ለአንድ ወር ያዝኩ። ዋጋው መጀመሪያ ከተሰጡን ሦስቱም ከፍ ይላል። አልተከራከርኩም።

ቀልጦ የሚፈስሰውን ተርሞፕላስቲክ እናድርግ ያሉም ነበሩ። እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ሞቆ የሚፈስ፣ ለመኪና መንገድ ጥሩ ነገር ነው። ግን ማሞቂያውንና ማሽኑን ማምጣት ብቻውን ለ28 መኪና አያዋጣም። ትልቅ ግቢ ካላችሁ አስቡበት።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እጥበት ነበር። ዘይት ያለበትን በኦሞና በሽቦ ብሩሽ ፈትገን በውሃ ለቀቅነው፣ እስኪደርቅም አሳደርነው። ብዙ ሰው ማታ ማታ ይቀባ ይላል፣ ግቢው ባዶ ስለሆነ። እኔ አልስማማም። በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ንጋት ላይ አስፋልቱ ጤዛ ይይዛል፣ ቀለም ደግሞ ሁለቱንም አይወድም። የማታ የእጅ ዋጋም ውድ ነው። እሁድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፀሐዩ መሬቱን ካሞቀው በኋላ ጀመርን። ሲባጎ ተወጠረ፣ በጠመኔ ምልክት ተደረገ፣ የወረቀት ፕላስተር ተለጠፈ፣ አንደኛ እጅ፣ ሁለተኛ እጅ። ሁለተኛው እጅ እርጥብ እያለ ማታ በመብራት እንዲታይ ጥቃቅን የመስታወት ፍሬ በተንንበት። ጣሳው ላይ በሁለት ሰዓት መኪና ይነዳበታል ይላል። እኔ እስከ ሰኞ ጠዋት አዘጋሁት።

ቤዝመንቱን በሌላ ሳምንት ሠራን። እዚያ ኮንክሪት ነው። ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ካልሻከረ ቀለም አይዝም፣ አቧራውም ሙልጭ ብሎ መውጣት አለበት። ሽታው ስለሚታፈን ማራገቢያ ተከራይተናል፣ ይህን ወጪ ቀድማችሁ ያዙት።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካም። እሁድ ጠዋት አንዲት ነጭ ቪትዝ ግቢው ውስጥ ቆማ አገኘናት። ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ቁልፉን አልተወም። ሦስት ቀን ቀድሜ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር፣ ግን ማስታወቂያ ሁሉም አያነብም፣ በስልክ አንድ በአንድ መደወል ነበረብኝ። በእሷ ምክንያት ሁለት መስመር ቀረ። ቀቢው ለሁለት መስመር ተመልሼ እንድመጣ ከፈለግክ የግማሽ ቀን ሂሳብ ነው አለኝ፣ እሱም እውነቱን ነው፣ መሳሪያውን ጭኖ መምጣቱ ያው ነው። የተረፈውን ቀለም ጣሳውን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው እሁድ ጥበቃው ሲባጎውን ያዘልኝ፣ እኔ ፕላስተሩን ለጠፍኩና ሁለቱን መስመሮች ራሴ ቀባኋቸው።