ከኦቾሎኒ መጠቅለያ የተረፈች ሽፋን

ዛሬ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ኦቾሎኒ ልገዛ ቆምኩ። ሻጯ ሊጠቀልሉባት ያነሷትን ወረቀት ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። የድሮ መጽሔት ሽፋን! በእጅ የተሳለች፣ እንዝርት የምታሾር ሴት።

«እማማ፣ እባክዎ እሷን አይቅደዷት!»

«ውሰዳት ልጄ፣ ወረቀት አይደለች?» አሉኝ።

የመጽሔቱ ስም ያለበት ጫፍ ተቀዷል። የሥዕሉ ቀለም ግን አሁንም ቁልጭ ያለ ነው።

ቤት ገብቼ የዛገውን የስፌት ሽቦ ቀስ ብዬ ነቀልኩ፤ ዝገት ወረቀት ይበላል። የተቀደደውን በፕላስተር አልለጠፍኩም፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ያበላሸዋል። የጅማ ክረምት እርጥበቱም አያስተኛኝም። ስለዚህ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃል አድርጌ ከግድግዳው ራቅ ያለው ሣጥን ውስጥ አስተኛኋት፤ ከንጉሡ ዘመን «መነን» እና ከደርግ ዘመን «የካቲት» መጽሔቶቼ ጎን።

የጅማ ልጆች፣ ቆጥ ላይ የድሮ መጽሔት ካላችሁ እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት ንገሩኝ። ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።