አሮጌውን የጀልባ ሞተር ማቆየት፦ አራት ኪሎ ተጠግኖ ላንጋኖ የሚሠራ ያማሃ

ከጓደኞቼ ጋር በጋራ የያዝነው ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ባለፈው ፋሲካ ላንጋኖ ላይ አንዴም ሳያስቸግር በመዋሉ፣ እስካሁን ከእርሱ ጋር የተማርኩትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ሞተሩ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያደባልቅ ዕቃ) ያለው አሮጌ ቱ ስትሮክ ሲሆን፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው አራት ኪሎ በሚገኘው ግቢያችን በእንጨት መቆሚያ ላይ ታስሮ ነው።

መነሻው ላይ ብዙ አልቆይም። ካንዴላው በጊዜው ይቀየራል፤ የማርሽ ዘይቱ ሲቀዳ ወተት መስሎ ከወጣ ማሸጊያ ጎማው (ሲል) ውሃ አስገብቷል ማለት ነው። የእኛ ሞተር የሚጠጣው 50 ለ1 የተደባለቀ ቤንዚን በመሆኑ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይቱም ለጀልባ ሞተር የተሠራው፣ «ቲሲ ደብሊው 3» የሚል ምልክት ያለበት መሆን አለበት፤ የሞተር ሳይክል ዘይት ይበቃል የሚሉትን አልሰማም።

ድካሜን ሁሉ የበላው ግን ኢምፔለር ነው። ይህ ከማርሽ ቤቱ አናት ላይ ባለው የውሃ ፓምፕ ውስጥ ተቀምጦ የሐይቁን ውሃ እየሳበ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ባለ ክንፍ ጎማ ነው። የላንጋኖን ውሃ ቡናማ ያደረገው የማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር፣ ጎማውንም ጎማው የሚሽከረከርበትን የብረት ቤትም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ሞተሩ ለወራት ሳይነሳ ሲቀመጥ ደግሞ ክንፎቹ እንደታጠፉ ይቀራሉ። ፈትታችሁ ስታወጡት ክንፎቹ ቀና ካላሉ ወይም ሥራቸው ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ጎማው አልቆለታል።

«ውሃ እስከተፋ ድረስ አትንካው» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ከኋላ ሲተፋ የምናየው ከዋናው ፍሰት የተከፈለ ጥቂት ውሃ ስለሆነ፣ ፓምፑ መሳቡን እንጂ ሞተሩ በቂ ውሃ ማግኘቱን አያረጋግጥም። በተቃራኒው መትፋቱን ሲያቆም ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ቢሆንም፣ የሚተፋበትን ቀዳዳ ጭቃ ደፍኖት ሊሆን ስለሚችል ፓምፑን ከመፍታት በፊት በቀጭን ሽቦ መውጋት ይቀድማል። እኔ ኢምፔለሩን ደህና ቢመስልም በየዓመቱ እቀይረዋለሁ። ሱማሌ ተራ ካንዴላና ቡሎን ባላጣም ይህን ጎማ ፈልጌ ስላላገኘሁ፣ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሁለት ሁለት አድርጌ አስመጣለሁ።

አዲሱን ስትገጥሙ በሳሙና ውሃ አርጥቡትና፣ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እያዞራችሁ የፓምፑን ቤት ወደ ታች ግፉት፤ ክንፎቹ በትክክለኛው አቅጣጫ የሚተኙት እንዲህ ሲደረግ ነው። ጎማውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ብረት ሳትታይ ስለምትወድቅ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ።

ሌላው አጥብቄ የምናገረው ካርቡሬተርን አዲስ አበባ ላይ ስለማስተካከል ነው። ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ሲሞከር ቤንዚን እየበዛበት ያጨሳል (ጎረቤቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ)። ያየው መካኒክ ሁሉ ቤንዚኑን ልቀንስለት ይላል። ነገር ግን ላንጋኖ ዝቅ ብሎ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ እዚህ የተቀነሰለት ሞተር እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል፤ በቱ ስትሮክ ደግሞ ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ፒስተኑ ግሎ ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል። ስለዚህ ጭሱን ችዬ እሞክረዋለሁ፤ ማስተካከል ካስፈለገ የሚስተካከለው ሐይቁ ዳር ነው።

ከጉዞ ስንመለስ በርሜል ውስጥ በንጹህ ውሃ አጥበዋለሁ። ብዙዎች ካርቡሬተሩን ለማድረቅ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። እኔ ግን የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ዘይት እያነሰው እንዲዞር ስለማልፈልግ፣ በሥሩ ያለችውን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቼ በጠርሙስ እቀበለዋለሁ። የሠራሁትን በደብተር መመዝገብ ላይ አሁንም ሰነፍ ስለሆንኩ፣ ቀኑን በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር እጽፋለሁ።