ትከሻሽን አሳርፊው

ዛሬ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የስልኬ ሙዚቃ አልሰማ አለ። አጠፋሁትና በርጩማዬን ገልብጬ ውዝዋዜ ለማስተምራቸው ልጆች ችክችካውን በእጄ መታሁላቸው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ድምፁ እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጆቹም ከስልኩ ይልቅ በሱ ተሻሉ።

ጅማ ተመልሼ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ ባህላዊ ምግብ ቤቶች መድረክ ላይ፣ 11 ዓመት ተወዛዋዥ ነበርኩ። ቅደም ተከተሉን ዛሬም ተኝቼ እወጣዋለሁ፦ ትግርኛ፣ ጎጃም፣ ወሎ፣ ጎንደር፣ ኦሮምኛ፣ መዝጊያው ጉራጌ። በየመሃሉ ሮጦ ልብስ መቀየር ነው። ከተመጋቢው ተነስቶ ግንባራችን ላይ ብር የሚለጥፍ አይጠፋም። ያን ሕይወት እወደው ነበር።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ትከሻው የሚነሳው ከየት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በየምሽቱ ስሠራው የኖርኩትን ነገር ከየት እንደሚጀምር አላውቅም! ማታ ቤቴ መስታወት ፊት ቆሜ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ሞከርኩት። ለካ ትከሻ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ከጀርባ ላይኛው ክፍል ያሉት ሁለት ጠፍጣፋ አጥንቶች ይቀራረባሉ፣ ደረት ይወጣል፣ ትከሻ ይከተላል። «እስ» እያልን የምናወጣትን ትንፋሽም እንደ ማሳመሪያ ነበር የማያት። ትንፋሽ ሲታፈን ግን አንገት ይደርቃል፤ አንገት ከደረቀ ደግሞ እስክስታው እንጨት እንጨት ይላል። አሁን አዲስ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ትንፋሽ ብቻ ነው የማስለምደው። ወላጆች «መቼ ነው የሚጨፍሩት?» ይሉኛል። እታገሣለሁ።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ያለፈው ቅዳሜ ነው።

ኦሮምኛ እያለማመድኩ ነበር፣ ያንን የመድረኩን ረገዳ። የአንዷ ልጅ አያት ሊወስዷት መጥተው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጡ። ዝም ብለው አይተው አይተው፣
«ይሄ የየት ነው?» አሉኝ።
«ኦሮምኛ ነው፣ አኮ» አልኳቸው፤ አያቴ ማለቴ ነው።
«የሸዋ ነው ልጄ። ያምራል። የኛን ደግሞ መቼ ታሳያቸዋለሽ?»

ደነገጥኩ። ጅማ ተወልጄ፣ የአዌቱን ወንዝ እየተሻገርኩ ተምሬ፣ በየዓመቱ ከትምህርት ቤት ጂሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እየጎበኘሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። 11 ዓመት «ኦሮምኛ» ሲባል ረገዳ ይዤ ወጣሁ። የሐረርጌ ሸጎዬ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰፈሬን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። መድረክ ለአንድ ሕዝብ አራት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ በአራት ደቂቃ አንዱ ሌላውን ሁሉ ወክሎ ይወጣል። ያ ገብቶኛል። ያም ሆኖ ሳስበው ያመኛል፤ እዚህ ልጆች ፊት ቆሜ ያንኑ አራት ደቂቃ ስደግም ነው የተገኘሁት።

«አላውቀውም፣ አኮ። ያስተምሩኛል?» አልኳቸው።

ሻሻቸውን አጠበቁና ተነሱ። ከልጆቹ መሃል ገብቼ ተሰለፍኩ። እሳቸው ያጨበጭባሉ፣ እግራቸው ከመሬት ብዙም አይርቅም፣ እኛ እንከተላለን። ልጆቹ ወዲያው ያዙት። እኔን ግን ሁለት ጊዜ አስቆሙኝ። በሁለተኛው መጥተው በሁለት እጃቸው ያዙኝና፣ «ትከሻሽን አሳርፊው» አሉኝ። እንጀራዬን የበላሁበትን ትከሻ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። አሳረፍኩት። ለካ አሳርፎ መጨፈርም አለ። እግሬ ያን ጊዜ ነው መስማት የጀመረው።

ሲወጡ የሳምንቱ ቅዳሜ ጎረቤታቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነገሩኝ፤ እሷ ከሳቸው የበለጠ ታውቃለች አሉ። ያለኝ አንድ በርጩማ ነው። ነገ ከታችኛው ቤት ሁለት እዋሳለሁ።