የካፒቴን ልዑልን ታሪክ ሁለት ጊዜ ተረክሁት

በወር ሁለት ቅዳሜ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የወጣት ማዕከል ለልጆች የሰው ታሪክ እተርካለሁ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 ነው። የተሰጠኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት የካፒቴን ልዑል አባተን ታሪክ መረጥኩ፤ በ1989 ዓ.ም. የተጠለፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ባሕር ላይ ያሳረፉት አብራሪ ናቸው። የመጀመሪያው ትረካ አልሆነልኝም። በሁለተኛው ግን ልጆቹ ሰዓቱ ካለቀም በኋላ አልሄድ አሉ። በመሀል ምን እንደቀየርኩ ልጽፈው ፈለግሁ። ከእናንተም መሀል ለልጁ ወይም ለተማሪዎቹ የትልቅ ሰው ታሪክ ሊነግር የሚያስብ አይጠፋም።

ለመዘጋጀት ሦስት ቀን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ጻፍኩ። በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገውን የአየር መንገዳችንን የመጀመሪያ በረራ። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑትን አለማየሁ አበበን። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት አውሮፕላን ያርፍበት የነበረውን የልደታ ሜዳ። ይቺን የልደታዋን ነገር ልጆቹ ወደዷት። ልደታ ሲባል የሚያውቁት ፍርድ ቤቱንና ኮንዶሚኒየሙን ነው። ከነሱ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ አውሮፕላን ይነሳ ነበር ሲባሉ ማመን አቃታቸው።

ግን ይሄ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በላይ በላብኝ። ወደ ጠለፋው ስደርስ ልጆቹ ደክመዋል። ስለዚህ ሮጥኩበት። «አውሮፕላኑ ተጠለፈ፣ ነዳጅ አለቀ፣ ካፒቴኑ ባሕር ላይ አሳረፉት፣ 50 ሰው ተረፈ!» አልኩ። አጨበጨቡ።

ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ስንት ሰው ነበር የተሳፈረው?»

«175።»

ትንሽ አሰበና «እና 125ቱስ?» አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። «ሞቱ» አልኩ። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። የሞቱትን ሰዎች ጉዳይ ጭራሽ አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር። ካፒቴኑን ላከብር ብዬ 125 ሰው ዘልያለሁ። ያ ልክ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ታሪክ እንደገና እንደምተርክ ነገርኳቸው። በዚህኛው ከቀኑ ጀመርኩ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.። እንደዚያ ዕለታችን ቅዳሜ ነበር። ከረፋዱ 5 ሰዓት እንዳለፈ አንድ ቦይንግ 767 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ውስጡ 175 ሰው አለ። 125ቱ አይመለሱም። ከነሱ ሦስቱ ጠላፊዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ለሥራ፣ ለቤተሰብ፣ ለራሳቸው ጉዳይ የተሳፈሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ መሐመድ አሚን ነበር፤ የ77ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊ ጋዜጠኛ። ልጆቹ ስለ 77ቱ ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። ስለዚህ የሞተው ሰው ለነሱ ቁጥር ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ከዚያ ወደ ግቢ ወጣን። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ካርታ ሣልን። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ማዳጋስካር፣ በመሀል የኮሞሮስ ደሴቶች፣ እዚያ ማዶ አጥሩ ጋ አውስትራሊያ። አንድ ርምጃ አንድ ሰዓት በረራ ነው ተባባልን። ናይሮቢ ሁለት ርምጃ። አውስትራሊያ አሥራ አንድ።

ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን ነው ያሉት። አውሮፕላኑ ውስጥ ካለ መጽሔት ላይ 767 አሥራ አንድ ሰዓት መብረር እንደሚችል አንብበው ነበር። እውነት ነው፣ ይችላል፤ ታንኩ ከሞላ። ያን ቀን የተቀዳው ግን ለናይሮቢ የሚሆን ነዳጅና መጠባበቂያ ነው። ካፒቴኑ ይህን ደጋግመው ቢያስረዱም አላመኗቸውም።

አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በሳሁትና ትንሽ ውሃ ጨምሬ ለአንዷ ልጅ ሰጠኋት። ገልብጣ ጨመቅ እያደረገች እያንጠባጠበች፣ በየርምጃው እየቆመች ሄደች። አራተኛው ርምጃ ላይ አለቀባት። ዙሪያዋን አየች። የቆመችው ባሕር ላይ ነበር። በውነተኛውም በረራ አውሮፕላኑ አየር ላይ የቆየው ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስለ ነዳጅ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። አላነበብኩትም።

እኔ በብዛት የቆየሁት እነዚያ አራት ሰዓታት ላይ ነው። ብዙ ሰው ካፒቴኑን የሚያስታውሳቸው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ባሕሩ ዳርቻ ላይ የነበረ ቱሪስት ስለቀረጻት ሁላችንም አይተናታል። የኔ እምነት ግን ትልቁ ሥራቸው ከዚያ በፊት የሠሩት ነው። ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ተደብድበው ከኮክፒት ወጥተዋል። ጠላፊዎቹ የእሳት አደጋ መጥረቢያና እሳት ማጥፊያ ይዘዋል። ቦምብ አለን ይላሉ፤ ኋላ ላይ ቦምብ ያሉት የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። ካፒቴኑ ብቻቸውን ናቸው። እና ምን አደረጉ? የአፍሪካን ዳርቻ ሳይለቁ ወደ ደቡብ በረሩ። መሬት ካለ ማረፊያ ሊገኝ ይችላላ! ጠላፊዎቹ መሬት ሲያዩ ወደ ባሕር አዙር አሏቸው። አዞሩ። ግን በልባቸው ኮሞሮስን ይዘው ነበር።

እዚህ ላይ ትረካውን አቁሜ «እናንተ ብትሆኑ ወዴት ትሄዳላችሁ?» አልኳቸው። ክርክሩ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ካፒቴን ልዑል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው እንደነበር የነገርኳቸው እዚያ ክርክር መሀል ነው። አንዱ ልጅ «ለዛ ነው ያልተደናገጡት» አለ። እንዴት እንዳልተደናገጡ እኔ አላውቅም። ቢሆንም ማሰቡን ወደድኩለት።

ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው ለተሳፋሪው እውነቱን ተናገሩ፦ ነዳጅ አልቋል፣ ልንወድቅ ነው፣ በጠላፊዎቹ ላይ አንድ ነገር አድርጉ። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ ፕሮፔለር ወርዳ በንፋስ እየዞረች መሪው እንዲሠራ የምትበቃ ኃይል ሰጠቻቸው። ኮክፒት ውስጥ ግብግብ ስለነበር የኮሞሮስ ማረፊያ አመለጣቸው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ፣ ሆቴል ካለበት ባሕር ዳርቻ አጠገብ ውሃው ላይ ወረዱ። ሰው ሊደርስላቸው የሚችልበት ቦታ ነበር። ደረሱላቸውም፤ የአካባቢው ሰዎች፣ ቱሪስቶች፣ ለዕረፍት የመጡ የፈረንሳይ ሐኪሞች።

ከዚያ ከባዱን ክፍል ነገርኳቸው። ከሞቱት መሀል ላይፍ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሆነው ስለነፉት መውጣት ያቃታቸው ነበሩ። ልጆቹ ግራ ገባቸው። ጃኬቱ የሚያተርፍ አይደል እንዴ? አስቀድሜ ውሃ የሞላ ሳፋ፣ አንድ ጆግና ትንሽ የተነፋ ፊኛ አዘጋጅቼ ነበር። ፊኛውን ጆጉ ውስጥ አድርጌ አፉን ወደ ታች ደፍቼ ውሃው ውስጥ ከተትኩት። ጆጉን ዘንበል አድርጌ አየሩን አስወጣሁና ቀጥ አደረግሁት። ፊኛው የጆጉ ቂጥ ላይ ተለጥፎ ቀረ። መውጫው ከታች ነው፤ እሱ ግን ወደ ላይ ይገፋል። አውሮፕላኑ ውስጥም እንዲሁ ነው። ውሃው ሲሞላ ጃኬቱ ሰውን ወደ ጣሪያው ይዞት ይወጣል፣ ጠልቆ በሩን ማግኘት አይችልም። ጃኬት የሚነፋው በሩ ላይ፣ ሲወጡ ነው። ይህን ስጨርስ ማንም አላወራም። ያ ስለ 125ቱ የጠየቀው ልጅ ጆጉን ተቀብሎኝ ራሱ ሦስት ጊዜ ሞከረው።

ካፒቴኑ በዓለም አቀፉ የበረራ ደኅንነት ፋውንዴሽን መሸለማቸውን፣ ወደ ሥራቸውም ተመልሰው መብረራቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩ። በመጀመሪያው ትረካ ሽልማቱ ረጅም ቦታ ነበረው።

እሑድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ያው ልጅ ነው፣ በእናቱ ስልክ። ታላቅ እህቱ በዚያው ሳምንት ለሥራ ወደ ቤይሩት ልትበር ነበር። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው።

«ቲቸር፣ ለእህቴ አሳየኋት» አለኝ። «ጆግ አልነበረንም፣ በጣሳ ነው ያሳየኋት። ገብቷታል።»